ወደ ውስጥ የተባለ አዎ

ውድ ሳቢሪን፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አለሽ ማለት ወጉ ነበር፤ ግን ደህና አለመሆንሽን እያወቅሁ "ደህና ነሽ ወይ" ማለት ማላገጥ መስሎ ስለታየኝ ዘለልኩት። ባዩ ነኝ፤ የቲቸር ልጅ። ቡታጅራ የእናንተ ዘይቱን ቅርንጫፉን ወደኛ ግቢ ሲጥል "በዚህ በኩል ያለው የኛ ነው" እያልኩ ስለቅመው በአጥር የምትሰድቢኝ ጎረቤትሽ። አሁን የምኖረው ወልቂጤ ነው።

ይህን ሁሉ በድምፅ ቀድቼ በስልክ ብልክልሽ ይቀለኝ ነበር። ሥራዬ ድምፅ ነው። ግን ድምፅ እንዴት እንደሚቆረጥና እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ያልተባለው እንዴት እንደተባለ ተደርጎ እንደሚሠራ ስለማውቅ በእጄ መጻፍ መረጥኩ። ስልክሽም ቢሆን ከአገር ቤት ሲደወልልሽ አታነሺም አሉኝ። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ናጃህ ናት፤ የልብስ ሰፊው የሙሀመድአወል ልጅ። የዛሬ ሳምንት ወደ ኩዌት ትበራለች። እንዳትከፍተው አስምያታለሁ፤ ብትከፍተውም ግን አልቀየማትም።

ነገሩ የአባትሽ መንዙማ ነው። እዚህ ጋ ስትደርሺ ወረቀቱን አጣጥፈሽ ልትወረውሪው እንደምትችይ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ሌላውን ከፈለግሽ በኋላ ታነቢዋለሽ። አክስትሽ እትዬ ሀሊሜ ዱዓው መሀል ገብተው "ልጅህን አውፍ ብለሃታል ወይ?" ብለው ሲጠይቁ፣ አባትሽ ዝም አላሉም። መልሰዋል፤ ይቅር ብለውሻል። አንቺ የሰማሽው ዝምታ የእኔ ሥራ ነው።

አሁን ከሥሩ ልጀምር።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ የኒካሽ ሳምንት፣ ገና ሰዉ ከሱብሂ ሶላት ሳይመለስ ሻንጣሽን ባጃጅ ላይ የጫንኩት እኔ መሆኔን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። መናኸሪያው በር ላይ "አባቴ ከጠየቀህ አላየኋትም በል" አልሽኝ። አልኩም። አባትሽ ጋሽ አሚኑ ቤታችን ድረስ መጥተው "ባዩ፣ ሳቢሪንን አይተሃታል?" ሲሉኝ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ "አላየኋትም" አልኩ። ሊድሩሽ ለእንሴኖዎቹ ሰዎች ቃል ሰጥተው፣ ድንኳን ተክለው፣ ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ታቅፈው ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው መሀል ቆመው "ሳቢሪን የምትባል ልጅ የለችኝም" አሉ። በአጥር ሰማኋቸው። ይቺን ቃል ኩዌት ድረስ ያደረሰልሽ ሰው ባያደርስልሽ ይሻል ነበር፤ ያደረስኩልሽም እኔው ነኝ።

ለምን እንደረዳሁሽ ዛሬ ብነግርሽ ለማንም አይጠቅምም። እንሴኖ ተድረሽ ከማይሽ ርቀሽ ብትሄጂ መረጥኩ፤ ይህን ያህል ብቻ ልበል።

ከዚያ በኋላ ከአባትሽ ጋር ለአራት ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው፣ ከሙሀመድአወል ስፌት ቤት ጀርባ ወደነበረችው ስቱዲዮዬ እያለከለኩ ገቡ። ደረታቸውን ታመው ነበር። ሠላሳ ዓመት በርበሬ ሲነግድ ብናኙን ሲምግ የኖረ ደረት ምን ይሁን? ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ስፖንጅ በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩና "አንተ የቲቸር ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ምንድነው የምትሠራው?" አሉኝ።

ማስተሪንግን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ጭንቅ ነው። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ሙዚቀኛው ይመታል፣ ቀጂው ቀድቶ ድምፆቹን ያዋህዳል። ማስተር የሚያደርገው ሰው የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ እጁ ሲያልፍበት ሥራው ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ሕዝብ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቀጂውም አዋሃጁም መጨረሻውም አንድ እኔ ነኝ። ሙሀመድአወል ወዲያ ማዶ ካውያ ሲያሞቅ አየሁና ወደሱ ጠቆምኩ።

"ኮት ተሰፍቶ ሲያልቅ ካውያ ይመታ የለ ጋሼ? እኔ ካውያው ነኝ። የጎላውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ አደርጋለሁ፤ በሚኒባስ ስፒከርም በስልክም ጥርት ብሎ እንዲሰማ። የማያስፈልገውን ድምፅ ደግሞ አወጣለሁ።"

ወንበር ስበው ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "በርበሬ ሲቀነጠስ ጭራው ይጣላል" አሉ። "ፍሬው ግን አይጣልም። አላዋቂ ቀንጣሽ ፍሬውንም አራግፎ ቀይ ቆዳ ያስረክብሃል። ያምራል፣ ግን አያቃጥልም። እንዲህ እንዳታደርገኝ።"

"አላደርግም" አልኳቸው።

"ይሄ ነገር ኩዌት ይደርሳል?"

"ዩቲዩብ ላይ ከወጣ ቻይናም ይደርሳል።"

"ቻይናን ምን አደርገዋለሁ" ብለው ተነሡ።

ሽማግሌው ዝና አማራቸው ብዬ በልቤ ታዘብኳቸው። ከዓለም አገር ሁሉ ለምን ኩዌትን እንደጠሩ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩበትም። ሻንጣሽን የጫንኩት እኔ ነኝ እኮ፤ ከእኔ በላይ ማን ሊገባው?

በቀጠሯቸው ቀን ሁለት ድቤ መቺና ስድስት ተቀባይ ይዘው መጡ። ሴቶቹ ከመጋረጃ ወዲያ ተቀመጡ፤ እትዬ ሀሊሜ ከሁሉም ፊት። አባትሽ ሲያዜሙ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ፤ ያ ድምፅ ከዚያ ከደከመ ሰውነት መውጣቱ ገረመኝ። ግን በየስንኙ መጨረሻ አየር ሲስቡ ደረታቸው ያፏጭ ነበር። ወደ ማብቂያው ድቤው ዝቅ አለና ዱዓ ገቡ። ለአገሩ፣ ለታመመው፣ ለተቸገረው፤ ተቀባዮቹም "አሚን፣ አሚን" ይላሉ። "ለመንገደኛው" ሲሉ እትዬ ሀሊሜ አልቻሉም። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"አሚኑ! ሳቢሪንስ? ልጅህን አውፍ ብለሃታል ወይ?" አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉትን መብራቶች ነበር የማየው፤ ድምፁ በዝቶ ቀዩን መብራት እንዳይነካ። ጥያቄውን ሰማሁ። ከዚያ ልብ ያላልኩት አጭር ነገር ሆነ። ከዚያ አባትሽ "ያ አላህ፣ ዝናቡን የራህመት አድርግልን" ብለው ቀጠሉ፣ ተቀባዮቹ አሚን አሉ፣ ድቤው ተነሣ፣ አለቀ። ዱዓ ላይ ሰው የልቡን መጥራቱ ያለ ነገር ስለሆነ የእትዬን ድምፅ አላወጣሁትም። እንዲያውም መንዙማውን አሳመረው አልኩ።

በማግስቱ ለብቻዬ ቁጭ አልኩ። የአባትሽ ትንፋሽ አሳፈረኝ። አዎ፣ አሳፈረኝ። አድማጩ "ሰውየው ሊሞቱ ነው እንዴ" እንዳይል፣ ደህና ጎልማሳ ላደርጋቸው ፈለግሁ። ትንፋሽን ከድምፅ መሀል እየፈለገ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ። እሱን አስነሣሁትና ከሙሀመድአወል ጋር ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ጨርሶ ጠበቀኝ። መቶ አርባ ሦስት ትንፋሽ አጥፍቷል።

አንድ በአንድ አላዳመጥኳቸውም፤ በዓይኔ ነው ያየኋቸው። ትንፋሽ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ትንሽ እብጠት ነው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ፕሮግራሙን የሠራው ፈረንጅ ነው፤ ፈረንጅ አዎ ሲል አየሩን ወደ ውጭ እያወጣ ነው። አየር ወደ ውስጥ ስቦ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በጉሮሮው ብቻ "ህ" ብሎ አዎ የሚል ሕዝብ መኖሩን ማን ነግሮት? እኔ ግን አውቅ ነበር። እናቴ "ሰማኸኝ?" ስትለኝ የምመልስላት እንደዚያ ነው። አባትሽም ዕድሜ ልካቸውን "በላህ?" "ሰገድክ?" ሲባሉ የሚመልሱት እንደዚያ ነበር። ያ እልኸኛ ሰውዬ አውፍ ብያለሁ ለማለት ምላሳቸው ቢከብዳቸው ትንፋሻቸው እሺ አላቸው። ሳቢሪን፣ መቶ አርባ ሁለቱ ትንፋሽ ነበሩ። አንዱ አዎ ነበር። ጭራውንም ፍሬውንም አንድ ላይ አራገፍኩት።

የሚያሳዝነው ደግሞ ቦታው አምሮ መውጣቱ ነው። ትንፋሹ ሲጠፋ የክፍሉ ስልል ያለ ድምፅም አብሮ ጠፋ፤ ከእትዬ ጥያቄ በኋላ ጭር ያለ፣ የጉድጓድ ዝምታ ተፈጠረ። ዩቲዩብ ላይ ስጭነው ሰው ወደደው። "ያቺ ዝምታ አስለቀሰችኝ" ብሎ የጻፈ አለ። ባልደረቦቼ ከአዲስ አበባ ደውለው "እንዴት አሰብካት?" አሉኝ። እንደ ጎበዝ ሰው ሳቅሁላቸው። አንቺ በዚያው ሰሞን ሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆመሽ ያንኑ ዝምታ ሰማሽ።

የዒድ ዕለት ጧት እንኳን አደረሳችሁ ልል ግቢያችሁ ገባሁ። አባትሽ ዘይቱኑ ሥር ምንጣፍ ላይ ነበሩ። ስልካቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

"ባዩ፣ ኔትወርክ አለ?" አሉኝ።

አየሁላቸው። "ሙሉ ነው ጋሼ።"

"ያ ነገር ኩዌት ደርሷል ብለኸኛል አይደል?"

"ደርሷል። ከኩዌት ብቻ ስንት ሰው አይቶታል።"

"እንግዲያው ሰምታለች" አሉ፤ ለራሳቸው ነው የሚናገሩት። ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ስልኩን ይዘው እስከ አሱር ሶላት ከዚያ አልተነሡም አሉ። ከዒድ በኋላ አሥራ አምስት ቀን ቆዩ። ከዚያ ሞቱ። አንቺ አውፍ አላለኝም ብለሽ አልደወልሽም፤ እሳቸው አውፍ ብያት አልደወለችም ብለው ሞቱ። መሀላችሁ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፣ ሻይ እየጠጣሁ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ገና ባለፈው ወር ነው። እትዬ ሀሊሜ ለዘመድ ሠርግ ወልቂጤ መጥተው፣ አፈላልገው ስቱዲዮዬ ድረስ መጡ። አርጅተዋል። ወንበሩን ሰጠኋቸው፤ ከመቀመጣቸው፣

"ባዩ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል" አሉ። "ከቀብሩ በኋላ ሳቢሪን አንድ ጊዜ ስልክ አነሣችልኝ። አባትሽ አውፍ ብሎሻል ስላት 'አክስቴ፣ ለማጽናናት ብለሽ አትዋሺኝ፤ መንዙማውን ሰምቼዋለሁ፤ ጠየቅሽው፣ ዝም አለሽ' አለችና ዘጋችብኝ። ወላሂ አልዋሸሁም። እኔ የወንድሜን ድምፅ መስማት ስለማልችል ከሞተ ወዲህ አልሰማሁትም። ምን ሰምታ ነው?"

ከፈትኩላቸው። መስማት አልችልም ያሉትን ድምፅ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙት። የራሳቸው ጥያቄ መጣ፣ ዝምታው መጣ፣ የዝናቡ ዱዓ መጣ። እጃቸውን አነሡ።

"መልሰው።"

መለስኩት።

"የታለ?"

"ምኑ?"

"እዚህ ጋ አዎ ብሏል እኮ! እንዲህ ብሎ" አሉና እሳቸውም ወደ ውስጥ ተነፈሱ፤ "ህ"።

ሳቢሪን፣ የሰው ልጅ በአንዲት ትንፋሽ እንዲህ ሊመታ እንደሚችል አላውቅም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያደረግሁትን ነገርኳቸው። አልሰደቡኝም፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። "በል መልስላት" ብቻ አሉ።

ልመልስ ሞከርኩ። ጥሬው ቅጂ የነበረበትን ዲስክ ፈልጌ አገኘሁት፤ ግን ቦታ ሞልቶብኝ ከሁለት ዓመት በፊት አጥፍቼ የሆነ ሙሽራ ሠርግ ቀድቼበታለሁ። ለሚያውቅ ሰጥቼም አስሞከርኩ። የለም።

ቀጥሎ የሠራሁትን ስጽፍልሽ እጄ ያፍራል። ከአባትሽ ሌላ አጭር ቅጂ ነበረኝ፤ ዋናው ከመጀመሩ በፊት ድምፅ ለመፈተሽ የቀዳሁት። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ቆርጬ በቦታው ለጠፍኩት። የክፍሉን ስልል ያለ ድምፅ ሠራሁለት፣ ጫፎቹን አለሳለስኩ፤ ስንት ዓመት የተማርኩትን ሁሉ አፈሰስኩበት። መርማሪ ቢመጣ አይለየውም። "ይኸው ጥሬው ተገኘ" ብዬ ልልክልሽ ነበር ሐሳቤ። አስቀድሜ ለእትዬ አሰማኋቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። "ይሄ የድካም ትንፋሽ ነው" አሉ። "ያኛው አዎ ነበር። ወንድሜን አታስመስልብኝ።"

እያዩኝ አጠፋሁት። ኋላ ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ ለመሄድ ሲነሡ፣ "የእኔንስ ለምን አወጣኸው?" አሉ።

"የቱን?"

"እሱ አዎ ካለኝ በኋላ፣ አሚን ተብሎ ድቤው ሲነሣ፣ አልሀምዱሊላህ ብያለሁ እኮ። ቀስ ብዬ። እንባዬ መጥቶ ስለነበር ጮክ ማለት አልቻልኩም።"

ያንን እኔ አላወጣሁትም። ፕሮግራሙ የሚያጠፋው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ቃል አይነካም። አንዱን ኤርፎን ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን የእኔ ላይ አድርጌ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። ድቤው ሲነሣ፣ ከመጀመሪያው ምት ሥር፣ ከተቀባዮቹ አሚን ኋላ ቀረት ብላ አንዲት ሴት በተሰበረ ድምፅ "አልሀምዱሊላህ" ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በመቶ ሺህ ሰው ስልክ ውስጥ እዚያው ነበረች። ማስተሪንጉ ላይ ድቤውን ጎላ አድርጌ ሸፍኛት እንጂ አልጠፋችም። ጎበዝ ነኝ ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሥራዬን በደንብ ባለመጨረሴ አመሰገንኩ።

ስለዚህ ሳቢሪን፣ የአባትሽን አዎ ልመልስልሽ አልችልም። ጠፍቷል፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፤ በዚህ አውፍ በይኝ ለማለት አፌ አይሞላም። በእኔ እንድታምኚ አልጠይቅሽም፤ አባትሽን "አላየኋትም" ያልኩ ሰው ነኝ። በአክስትሽም ለማጽናናት ነው ካልሽ ተይው። ግን ያቺን አልሀምዱሊላህ የቀዳኋት አንቺ ዝምታውን ሳትሰሚ፣ አባትሽ ሳይሞቱ፣ ማንም የሚያጽናናው ሰው ሳይኖር ነው። ኤርፎን አድርጊ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ክፈቺ፣ ስድስተኛው ደቂቃ ከአርባ አንደኛው ሴኮንድ ላይ ድቤውን ተይና ከሥሩ ያለውን አዳምጪ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ራስሽን ጠይቂ፤ ወንድሟ ዝም ያላት ሴት ምን አግኝታ ነው አላህን የምታመሰግነው?

ከሰማሻት ለእትዬ ሀሊሜ ደውይላቸው። ቁጥራቸው ያው ነው፣ አልቀየሩትም፤ አንቺ የምታውቂው ቁጥር እንዳይጠፋ ብለው ነው። ስልኩ አሁንም ጉልበታቸው ላይ ነው የሚውለው። "ሰምተሽዋል ወይ ልጄ?" ይሉሻል። ቃል ማውጣት ካቃተሽ አትጨነቂ፤ አባትሽም አቅቷቸዋል። አየር ወደ ውስጥ ሳቢ። እትዬ ይገባቸዋል።

አጥር ለአጥር ጎረቤትሽ፣
ባዩ፣ የቲቸር ልጅ
ወልቂጤ